ዐጸዱን ማን ጠበቀው? የቤተ ክርስቲያን ደኖቻችን አጭር ታሪክ

ከአንድ ታክሲ ነጂ የማኅበሩ አባል



የመጽሔቱ ዝግጅት ኮሚቴ ታሪክ ነክ የሆነ ጽሑፍ እንዳቀርብ የጠየቀኝ፣ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የታሪክ መጻሕፍት ማገላበጥ እወድ እንደነበር ስለሚያውቅ ይመስለኛል። ዛሬ ሥራዬ ታክሲ መንዳት ነው፤ ሆኖም ደንበኛ እየጠበቅሁ በምቆምበት ሰዓት የማነበው ነገር አላጣም። ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት የሚጽፉ ብዙዎች ስለሆኑ፣ እኔ ሁላችንም እያየነው ያደግነውን፣ ግን ታሪክ አለው ብለን እምብዛም የማንጠይቀውን ነገር መርጫለሁ። እርሱም በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ያለው ደን፣ ማለትም ዐጸዱ ነው።

በዛሬው ጊዜ ስለ አየር ንብረት መለወጥ ያልተነገረበት ቀን የለም። የሃይማኖት ሰዎችም ተፈጥሮን በመጠበቅ ረገድ ድርሻቸውን መወጣት እንዳለባቸው በየጉባኤው ይወሳል። በአገራችን ግን ይህ ሥራ ጉባኤ ሳይጠራለት ለብዙ መቶ ዓመታት ሲሠራ ኖሯል። ለመሆኑ ማን ሠራው? በምን ዘዴ? ዛሬስ በምን ሁኔታ ላይ ይገኛል? በስዊድን የምንኖር ኢትዮጵያውያንስ በጉዳዩ ውስጥ ድርሻ አለን ወይ? እነዚህን ጥያቄዎች በተቻለኝ መጠን ለመመለስ እሞክራለሁ። ዓመተ ምሕረቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሲሆን «እ.ኤ.አ.»፣ በእኛ አቆጣጠር ሲሆን «ዓ.ም.» ብዬ ጽፌአለሁ።

ዐጸድ ስንል

ከባሕር ዳር ወደ ደብረ ታቦር የተጓዘ ሰው የሚያየውን አስቡት። መሬቱ እስከ ተራራው ወገብ ድረስ የታረሰ ነው፤ በበጋ ወራት ሁሉም ቡናማ ይሆናል። በመካከሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ በጉብታ ላይ፣ ጥቅጥቅ ያለ አረንጓዴ ብቅ ይላል። ጉልላቱ ባይታይም እዚያ ቤተ ክርስቲያን እንዳለ ለመንገደኛው ማንም አይነግረውም፤ ራሱ አውቆ ይሳለማል። ወደ ውስጥ ሲገቡ ጽድ፣ ወይራ፣ ዝግባ፣ ዋንዛ፣ ጥቁር እንጨት፣ ብሳና፣ በደጋው ደግሞ ኮሶ ይገኛል። ከዛፎቹ ሥር መቃብር አለ፤ የቆሎ ተማሪ ጎጆ አለ፤ በብዙ ቦታም የጸበል ምንጭ አለ። ሰንበቴው የሚበላው፣ የጽዋው ማኅበር የሚሰበሰበው፣ የተጣላው የሚታረቀው በዚያው ጥላ ሥር ወይም በአቅራቢያው ነው። ዛሬ እኛ በስቶክሆልም አዳራሽ ተከራይተን የምናከብረው ማኅበር አንዱ ሥሩ እዚያ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ዐጸድ የሚለው ቃል በግዕዝ ቅጥርን፣ የታጠረ ስፍራን፣ የተክል ቦታን ያመለክታል። በአማርኛ «የቤተ ክርስቲያን ዐጸድ» ስንል ግቢውንም ዛፉንም አንድ አድርገን እንጠራለን። በሕይወት ያለውን «በዐጸደ ሥጋ»፣ ያረፈውን «በዐጸደ ነፍስ» የምንለውም በዚሁ ቃል ነው። እንግዲህ በቃሉ ውስጥ አጥር አለ። አንባቢ ይህን ልብ ይበልልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

የ40 ከመቶው ነገር

በትምህርት ቤትም በሬዲዮም ሲነገረን ያደግነው አንድ አኃዝ አለ። ይኸውም «ከመቶ ዓመት በፊት የኢትዮጵያ 40 ከመቶ የሚሆነው መሬት በደን የተሸፈነ ነበር» የሚለው ነው። አሜሪካዊው የታሪክ ምሁር ጄምስ ማካን ይህን አባባል እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጣው ጥናት መርምሮ፣ አኃዙ ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ የኖረ እንጂ በበቂ ማስረጃ ላይ የቆመ አለመሆኑን አሳይቷል። የሰሜኑና የመካከለኛው ደጋ በበሬ ሲታረስ የኖረ አገር ነው። ዛፉ ያለቀው ትናንት አይደለም፤ በብዙ ቦታ ከጥንትም ጀምሮ ጥቂት ነበር።

ለዚህ ሌላ ምስክር አለ። ኢጣሊያኖች አገራችንን ይዘው በነበረበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1938 ከአውሮፕላን ላይ ያነሷቸው ፎቶግራፎች እስከ ዛሬ ተጠብቀዋል። ተመራማሪዎች የደቡብ ጎንደርን ፎቶግራፎች ከሰማንያ ዓመት ገደማ በኋላ ከተነሱ የሳተላይት ምስሎች ጋር አስተያይተው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2017 አሳትመዋል። በ1938ም ዐጸዶቹ በእርሻና በግጦሽ መሬት መካከል እንደ ደሴት ተበታትነው ይታያሉ፤ አብዛኞቹም እስከ ዛሬ በቦታቸው አሉ። ለውጡ የመጣው በዙሪያቸው ነው። ቀድሞ ዐጸዱን ይከብበው የነበረው ቁጥቋጦ ታርሷል፣ ባሕር ዛፍም ገብቷል።

ይህ ነገር ታሪኩን ይለውጠዋል። ዐጸዱ ሰፊ ደን ሲጨፈጨፍ በአጋጣሚ የተረፈ ቁራጭ ቢሆን ኖሮ «ተርፏል» እንል ነበር። ነገር ግን በዙሪያው ያለው መሬት ለብዙ ትውልድ ሲታረስና ሲጋጥ፣ ማገዶም ሲጠፋ፣ እርሱ ብቻ ሳይነካ ከቆየ አንድ ጠባቂ ነበረው ማለት ነው።

የማገዶ ችግር ምን ያህል ብርቱ እንደነበር ከአዲስ አበባ ታሪክ መረዳት ይቻላል። ከተማዋ ከተቆረቆረች ብዙም ሳይቆይ በዙሪያዋ ያለው እንጨት ስላለቀ፣ ዳግማዊ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ ምዕራብ ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ጀምረው ነበር። በ1890ዎቹ እ.ኤ.አ. ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ በፍጥነት ስላደገ ከተማዋ በቦታዋ ጸናች፤ በአዲስ ዓለም የተጀመረው ቤተ መንግሥትም የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። መናገሻ ከተማን ሊያስነሣ የደረሰ የእንጨት እጥረት ባለበት አገር፣ የገጠር ደብር ትልልቅ ጽዶች ሳይቆረጡ መቆማቸው የሚያስደንቅ ነው።

በምን ተጠበቀ?

አንደኛው መጠበቂያ ክብር ነው። ታቦቱ ያለበት ቦታ የተቀደሰ ነው፤ ቅድስናውም በግድግዳው አያበቃም። በብዙ ደብር በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ አርባ ክንድ የሚያህለው ስፍራ በተለየ ሁኔታ የተከበረ እንደሆነ ይነገራል። ዛፍ የሌለው ቤተ ክርስቲያን ልብስ እንደሌለው ሰው ነው የሚሉ አባቶችም አሉ።

ሁለተኛው ግዝት ነው። ከዐጸዱ እንጨት የቆረጠ ሰው ንስሐ አባቱ ፊት ይቀርባል፣ በጎረቤቱም ዘንድ ያፍራል። ፖሊስ በሌለበት አገር ግዝት ከፖሊስ ይበልጥ ይፈራ ነበር።

ሦስተኛው ጥቅም ነው። ዐጸዱ ፈጽሞ የማይነካ አልነበረም። ቤተ ክርስቲያኑ ሲታደስ ምሰሶውና በሩ ከዚያው ይወጣል፤ መቋሚያውና ከበሮው፣ ለብራና ጽሕፈት የሚሆነው ቀለም፣ ለመድኃኒት የሚሆነው ቅጠልና ሥር ከዚያው ይገኛል። የሚወሰደው ግን በደብሩ ፈቃድና ለደብሩ አገልግሎት ነበር።

አራተኛው ሰው ነው። ደብሩ ጠባቂ ያቆማል፤ ምእመናኑም ተራ ይገባሉ፣ እህል ያዋጣሉ። ያለዚህ የቀሩት ሦስቱ ብዙ አያስኬዱም ነበር።

የጣና ገዳማት ደግሞ ከዚህም አልፈው ሄደዋል። በዘጌ ባሕረ ገብ መሬት በአቡነ በትረ ማርያም ስም የሚነገር የቆየ ሥርዓት አለ፤ በዚያ መሬት በበሬ አይታረስም፣ ከብትም አይረባም። ሕዝቡ ለዘመናት በደኑ ጥላ ሥር ቡናና ጌሾ እያለማ ኖሯል። ስለዚህ በዘጌ ደኑ የቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ብቻ ሳይሆን የመንደሩ ሁሉ መኖሪያ ነው።

ይህ ጥበብ የአንድ ሃይማኖት ብቻ እንዳልሆነም መናገር ይገባል። የኦሮሞ ሽማግሌዎች በኦዳ ዛፍ ሥር ተሰብስበው ሕግ ሲደነግጉ ኖረዋል። በደቡብ የጌዴኦ ሕዝብ ቅዱሳን ደኖቹን በሽማግሌዎቹ ሥርዓት ጠብቆ በማቆየቱ፣ አገሩ ከነጥምር እርሻው እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። የአምልኮው መንገድ ይለያይ እንጂ ክብር፣ ሥርዓትና ጠባቂ በሁሉም ዘንድ አሉ።

ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ታወጀ። ጭሰኛው ነፃ መውጣቱ ብዙ የተባለለት ታላቅ ነገር ነው፤ ወደዚያ ክርክር አልገባም። ለዐጸዱ ግን ውጤቱ ይህ ነበር፦ ቤተ ክርስቲያን የመሬት ገቢዋን አጣች፤ በእጇ የቀረው በአብዛኛው ቅጥሩና ዐጸዱ ነው። ሕዝቡም እየበዛ ሲሄድ እርሻው እስከ ዐጸዱ ጠርዝ ድረስ ደረሰ። ገቢ ያጡ ደብሮች በዐጸዱ ዳር ባሕር ዛፍ እየተከሉ መሸጥ ጀመሩ። ባሕር ዛፍ ቶሎ ገንዘብ ይሆናል፤ ነገር ግን ውሃ ይጠጣል፣ ከሥሩም አገር በቀል ችግኝ እንደ ልብ አይወጣም።

ይሁን እንጂ ትልቁ ጉዳት በመጥረቢያ የመጣ አልነበረም። እዚህ ላይ የሁለት ኢትዮጵያውያን ምሁራንን ሥራ ማንሳት ግድ ይሆናል። ሁለቱም በዚሁ በምንኖርበት አገር በስዊድን የግብርና ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ የተማሩ ናቸው።

የመጀመሪያው ዶክተር ደመል ተከታይ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1996 የዶክትሬት ጥናታቸውን ያቀረቡት በደጋ ደኖቻችን የዘር ሁኔታ ላይ ነበር። ከምርምራቸው እንደምንረዳው የአብዛኞቹ አገር በቀል ዛፎች ዘር በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ተቀብሮ አይቆይም፤ አፈሩ ውስጥ በብዛት የሚገኘው የሣርና የአረም ዘር ነው። ስለዚህ አንድ ደን አንዴ ከጠፋ መሬቱን አጥሮ በመተው ብቻ ዛፉ ተመልሶ አይበቅልም፤ ዘር የሚሰጥ እናት ዛፍ በአቅራቢያ መኖር አለበት። በሰሜኑ ደጋ ደግሞ እናት ዛፎች በብዛት የቀሩት በዐጸድ ውስጥ ነው።

ሁለተኛው ብዙዎቻችን «እመጓ» በተሰኘው ልብ ወለዳቸው የምናውቃቸው ዶክተር አለማየሁ ዋሴ ናቸው። በሙያቸው የደን ሳይንቲስት ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 የማስተርስ ጥናታቸውን በስዊድን፣ በ2007 ደግሞ የዶክትሬት ጥናታቸውን በኔዘርላንድ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ የሠሩት በደቡብ ጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ደኖች ላይ ነው። በ28 ዐጸዶች ባደረጉት ቆጠራ 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ ተገኝቷል፤ ከነዚህ 100ዎቹ ዛፎች ናቸው። የደኖቹ ስፋት ከ1.6 እስከ 100 ሄክታር ይደርሳል። ከዚህም ሌላ በዐጸዶቹ ውስጥ አንዳንዱን ቦታ አጥረው፣ ሌላውን ክፍት ትተው ችግኞቹን ተከታተሉ። ከብት በማይገባበት ቦታ ችግኙ ሲጸድቅ፣ በሚገባበት ቦታ ግን በብዛት ተበልቶና ተረግጦ አለቀ።

ይህ ማለት በብዙ ዐጸድ የምናየው ሽማግሌ ዛፍ ነው፤ ልጅ የለውም። ከሩቅ ሲያዩት አረንጓዴ ነው፣ ማንም ዛፍ አልቆረጠም፣ ግዝቱም ይከበራል። ነገር ግን ላምና ፍየል ግዝት አያውቁም። ትልቁ ዛፍ በዕድሜው ሲወድቅ የሚተካው የለም።

የድንጋይ ካብ

መፍትሔው የመጣው ከዚያው ከቃሉ፣ ከአጥሩ ነው። ዶክተር አለማየሁ ማርጋሬት ሎውማን ከተባሉ አሜሪካዊት የደን ተመራማሪ ጋር ሆነው ካህናቱን እየሰበሰቡ ከሰማይ የተነሳ ፎቶግራፍ አሳዩአቸው። ካህናቱም የሚያገለግሉበት ደብር በቡናማ መሬት መካከል እንደ አረንጓዴ ነጥብ ሆኖ፣ ጠርዙም እየተበላ መሄዱን በዓይናቸው ተመለከቱ። ከተመካከሩ በኋላ በዐጸዱ ዙሪያ የድንጋይ ካብ መካብ ተጀመረ።

ድንጋዩ የሚለቀመው በዙሪያው ካለው ማሳ ነው። ስለዚህ ገበሬው ማሳው ይጸዳለታል፣ ዐጸዱም አጥር ያገኛል። ጉልበቱ የምእመናኑ ነው፤ ለበርና ለመሳሰለው ከውጭ የተሰበሰበ ጥቂት ገንዘብ ታክሎበታል። ካብ በተሠራባቸው ዐጸዶች ከብት መግባቱ ሲቀር ችግኝ መነሣት ጀምሯል። በካቡ ውስጥ የሚቆጠበው ውሃና የሚያርፈው ንብ ለገበሬው እርሻም የሚጠቅም ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአገራችን በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቆ ነበር። ዛፍ መትከል የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም የዐጸዱ ታሪክ የሚያስተምረን ከተከላው ቀን ይልቅ የሚቀጥሉት አሥርና ሃያ ዓመታት እንደሚበልጡ ነው፤ ማን ያጥረዋል? ማን ተራ ይገባል? ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሣው ጦርነትም የገጠሩን ሕዝብ ኑሮ አናግቶታል። ጠባቂው ራሱ ሲቸገር ዐጸዱም አብሮ ይቸገራልና ለአገራችን ሰላም እንመኝ።

በምንኖርበት አገር

ይህ ነገር ለስዊድኖችም እንግዳ አይደለም። ብዙዎቻችን ወዳጅ ዘመድ ለመቅበር ወደ ስኩግስሽርኮጎርደን ሄደናል። ትርጉሙ «የደን መካነ መቃብር» ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1915 በተደረገ ውድድር ያሸነፉት አስፕሉንድና ሌቨሬንትስ የተባሉ አርክቴክቶች ጥዱን መንጥረው መቃብር አልሠሩም፤ መቃብሩን በጥዱ መካከል አስገቡት። ቦታው እ.ኤ.አ. በ1994 የዓለም ቅርስ ሆኗል። ከእኛ እናቶች አንዷ ቢያዩት «ይህማ ዐጸድ ነው» ይሉ ነበር።

በመሐል ከተማ በኩንግስትሬድጎርደን ደግሞ አልም የሚባሉ ትልልቅ ዛፎች አሉ። እ.ኤ.አ. በሜይ 1971 ለምድር ውስጥ ባቡር መውጫ ሲባል 13 ዛፎች ሊቆረጡ ነበር። ሕዝቡ ከዛፎቹ ሥር እያደረ ጠበቃቸው፤ በሜይ 11 ለ12 አጥቢያ ሌሊት መጋዝ የያዙ ሠራተኞችና ፖሊሶች ሲመጡም አልለቅም አለ። በመጨረሻ የባቡሩ መውጫ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ። እዚያ አካባቢ ደንበኛ ሳወርድ ለልጆቻችን ልንነግራቸው የሚገባ ታሪክ እንደሆነ አስባለሁ።

የስዊድን ቤተ ክርስቲያንም ከአገሪቱ ታላላቅ የደን ባለቤቶች አንዷ ናት፤ 400 ሺህ ሄክታር ገደማ የሚሆን ደን አላት። እ.ኤ.አ. በ2008 ሊቀ ጳጳስ አንደሽ ቬይሪድ የልዩ ልዩ ሃይማኖት መሪዎችን በኡፕሳላ ሰብስበው ስለ አየር ንብረት መግለጫ አውጥተዋል። በ2019 ደግሞ ቤተ ክርስቲያኒቱ እስከ 2030 በሥራዋ የምታደርሰውን የአየር ብክለት ሚዛን ለማስጠበቅ ዕቅድ ነድፋለች። ይሁንና ደኗን ለገቢ ትቁረጠው ወይስ ታቆየው በሚለው ላይ በአባሎቿ መካከል ክርክር አለ። በባሕር ዛፍና በጽድ መካከል እንደቆመው የጎንደር ደብር ማለት ነው። ገቢ የሚያስፈልገው ቤተ ክርስቲያን ሁሉ ይህ ፈተና ይገጥመዋል።

የኛ ድርሻ

ለመግቢያው የመጨረሻ ጥያቄ መልሱ «አዎን፣ ድርሻ አለን» የሚል ነው፤ ያውም ቀላል ያልሆነ። በዐጸዶቹ ላይ የተደረጉ ጥናቶች ከከብትና ከባሕር ዛፍ ቀጥሎ የሚጠቅሱት ጉዳት በዐጸዱ ውስጥ የሚስፋፋውን ግንባታ ነው። ይህም ሰፋ ያለ አዲስ ሕንጻ፣ አዳራሽ፣ መንገድና መቃብር ነው። ለዚህ ሁሉ ቦታ የሚገኘው ዛፍ በመቁረጥ ነው። ለግንባታው ከሚውለው ገንዘብ ውስጥ ደግሞ በስቶክሆልም፣ በዋሽንግተንና በሌሎችም ከተሞች የሚዋጣ እንዳለበት ሁላችንም እናውቃለን። «የተወለድኩበት ደብር በሣር ክዳን አይቅር» ብሎ መስጠት መልካም ልብ ነው። ነገር ግን መቶ ዓመት የቆመ ዝግባ ተቆርጦ የሲሚንቶ አዳራሽ ከተሠራ፣ ያ ገንዘብ የአባቶችን ልብስ ገፎ ሌላ ልብስ አለበሰ ማለት ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር ለማኅበራችን ላሳስብ። አንደኛ፣ ከአገር ቤት የእርዳታ ጥያቄ ሲመጣ «ሕንጻው የት ላይ ያርፋል? ስንት ዛፍ ይነሣል?» ብለን እንጠይቅ። ሁለተኛ፣ ለሕንጻ ከምንሰጠው ላይ ቀንሰን ለካብና ለጠባቂ ቀለብ እንስጥ። ካብ ፎቶግራፍ ላይ እንደ ጉልላት አያምርም፤ ጠባቂም ስሙ በእብነ በረድ አይጻፍም፤ ዐጸዱን እስከ ዛሬ ያቆዩት ግን እነርሱ ናቸው። ሦስተኛ፣ በመካከላችን ያሉ እናቶችና አባቶች የተወለዱበትን ደብር፣ መስጊድ ወይም የሽማግሌ ዛፍ ሁኔታ፣ ማን ይጠብቀው እንደነበርና በምን ሥርዓት እንደተጠበቀ ይንገሩን፤ ወጣቶቹም ይጻፉት። ለሚቀጥለው የማኅበሩ መጽሔት ከዚህ የተሻለ የታሪክ ጽሑፍ አይገኝም።

ማኅበራችንም ቢሆን አሥር ዓመት የቆየው በዚያው ዘዴ ነው። አዳራሹን የሚከፍት፣ ወንበሩን የሚደረድር፣ መዋጮውን የሚመዘግብ፣ ሐዘን ሲደርስ በሌሊት ስልክ የሚያነሣ ተራ ገቢ ስላለን ነው።

እግዚአብሔር ለአገራችን ሰላምን፣ ለማኅበራችንም ረጅም ዕድሜን ይስጥልን። ለ20ኛው ዓመት በዓል በሰላም ያድርሰን።